ለቅሶ ለመድረስ ያልተጠጣ ውኃ

ከሮተርዳም ተነሥታ አምስተርዳም ለቅሶ የምትደርስ፣ ያረጠች ሐበሻ እናት ከማለዳው ውኃ መጠጣት ትተዋለች። ብልሃቱ መልሶ ይጎዳታል፤ ውኃ ያነሰው ሽንት ፊኛን ሊቆጠቁጥ ይችላልና። ስጋቷ ግን ከንቱ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ የአምስተርዳም ዳኛ፣ ደጅ በመሽናቷ ለተቀጣች ወጣት፣ የወንዶቹን መሽኛ መጠቀም ይቻል እንደነበር ነግረዋታል። ለወጣት ሴት ያላሰበች ከተማ፣ ኢስትሮጅን ሲቀንስ የሽንት ቧንቧዋ ለሳሳባትና የዳሌ ወለል ጡንቻዋ ለላላባት እናት ምን አዘጋጅታለች?

ሕክምናው ግን አለ። የሆላንድ መሠረታዊ የጤና መድን ሽንት አልቋጠር ላላት ሴት የመጀመሪያዎቹን 9 የዳሌ ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዎች ይሸፍናል፤ በእርግጥ ከኪስ የሚከፈለው የ385 ዩሮ ድርሻ ይቀድማል። መንገዱም ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ሐኪም በኩል ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል፤ አስተርጓሚው ወንድ ልጇ ሲሆን ግን እሷኑ ማን ያወጣታል?