ስለ ባለቀለበቷ ማስታወሻ ደብተር

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኔም በአስተማሪነት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን አባባል በየዓመቱ መጀመሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ተማሪዎቼን አስገለብጥ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደጉኝ መምህራንም እያንዳንዱ ልጅ የነገ ሥራውን ማታ ማታ በትንሽ ደብተር እንዲጽፍ ያስገድዱን ስለ ነበረ፥ ማስታወሻ መያዝ ለእኔ የልጅነት ልማድ ነው። ዳሩ ግን መጻፍ ሌላ፥ የጻፉትን መፈጸም ሌላ መሆኑን በሚገባ የተማርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ያውም ከአንዲት የቆዳ ማስታወሻ ደብተር ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ የዚህችን ደብተር ጥቅምና ጉድለት ላጫውታችሁ እወዳለሁ፤ ከጉድለቷም የሚበልጠውን የእኔን ጉድለት አልደብቃችሁም።

ደብተሯን ያመጣልኝ በለንደን ከተማ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «መምህር፥ እርስዎ ደብተር ስለሚወዱ ይቺን ይዤልዎ መጣሁ» ብሎ ሰጠኝ። ሽፋኗ ቡናማ ቆዳ ነው። ስትከፈት በመካከሏ ስድስት የብረት ቀለበቶች፥ ሦስቱ ከላይ ሦስቱ ከታች ሆነው ይታያሉ። ቀለበቶቹ ሲፈለግ ይከፈታሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን ወረቀት አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ይቻላል። የወረቀቱ ወርድ 95፥ ቁመቱ 171 ሚሊሜትር ነው። በዚሁ የወረቀት ልክ የሚሠሩ ወፋፍራም ደብተሮችም አሉ፤ የእኔዋ ግን ቀለበቶቿ ጠበብ ያሉ ስለ ሆኑ ቀጭን ናት፤ በካፖርት ኪስ ትገባለች።

የዚህ ዓይነት ደብተር ታሪክ የሚያስገርም ነው። በለንደን ከተማ ኖርማን ኤንድ ሂል የተባለ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ ከአሜሪካ የመጣውን ሐሳብ ተከትሎ ባለቀለበት ደብተር ይሸጥ ጀመር። ኋላም ደብተሩ ፋይሎፋክስ ተባለ፤ ትርጓሜውም የእውነተኛ ነገሮች መዝገብ እንደ ማለት ነው። በዚያ ቤት በጸሐፊነት ሥራ የጀመረች ግሬስ ስከር የምትባል ሴት ነበረች። እርሷም የደንበኞቹንና የዕቃ አቅራቢዎቹን ስምና አድራሻ በራሷ ደብተር እየገለበጠች ማታ ማታ ወደ ቤቷ ይዛ ትሄድ ነበር። በ1940 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ቦምብ የድርጅቱን ቢሮ ባፈረሰው ጊዜ መዝገቡ ሁሉ ጠፋ፤ ሥራው እንደገና ሊቆም የቻለው በዚያች ሴት ደብተር ነው። እርሷም ኋላ የድርጅቱ ሊቀ መንበር ለመሆን በቃች። ደብተሩ አልነበረም ቤቱን ያዳነው፤ በየማታው ሳይሰለች ይጽፍ የነበረ እጅ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔዋ ልመለስ። ትልቁ ጥቅሟ ወረቀቷ እንደ ባለቤቱ ፍላጎት መለዋወጡ ነው። ታትሞ የመጣው ቀን መቁጠሪያ የፈረንጅ ስለ ሆነ ለኛ አገር ኑሮ አይመችም። የእኛ ዘመን መለወጫ በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፤ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ሲሆን ደግሞ 12 ቀን። በእነርሱ ስምንት ሰዓት ተብሎ የታተመው የጧት ሰዓት ለእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ የታተመውን አውጥቼ፥ ነጭ ወረቀት በልኩ ቆርጬ፥ በማስመሪያ አሥራ ሦስቱን ወሮች አሰመርኩ። ለጳጉሜን አንዲት ወረቀት በቃቻት፤ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስተኛዋ ቀን ስትመጣም ቦታ አላጣችም። የተሰፋ ደብተር ይህን አይፈቅድም። ቀጭንነቷም ሌላ ጥቅም አለው፤ ብዙ ወረቀት ስለማትይዝ ከሥራችሁ ዋናውን እንድትመርጡ ታስገድዳችኋለች።

ጉድለትም አላት። ወረቀቷ ስስ በመሆኑ የብዕር ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል። በግራው ገጽ ላይ ሲጽፉ እጅ ወደ መስመሩ መጨረሻ በደረሰ ቁጥር ከቀለበቱ ጋር ይጋጫል። ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ከባዱ ጉድለት በጥቅሟ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ነው፤ ይኸውም ወረቀቷ ያለ አንዳች ምልክት መውጣቱ ነው። ይህን ያወቅኩት በኀዘን ነው።

ለብዙ ዓመታት አብረን ያስተማርን የሥራ ታላቄ ነበሩ። መጽሐፍ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ፤ በስተርጅና ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ተሳናቸው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልክ ጥቂት ጥቂት ብታነብልኝ ምን አለበት?» አሉኝ። እኔም «ከመጪው ቅዳሜ እጀምራለሁ» ብዬ ደብተሬን አወጣሁና በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የቀለበቶቹን ድምፅ ሰምተው «ጻፍከው?» አሉ። «ጽፌዋለሁ፥ ጋሼ» አልኳቸው። «ከተጻፈማ አይቀርም» ብለው ሣቁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠርግ ነበረብኝ፤ ወረቀቷን አውጥቼ ወደሚቀጥለው ሳምንት አስገባኋት። በሁለተኛው የዕድር ስብሰባ ሆነ፤ እንደገና አዛወርኳት። በሦስተኛው ዝናብ ጣለ። በአራተኛው ግን፥ እውነቱን ልናገርና፥ ምንም ምክንያት አልነበረኝም። እንዲህ እያልኩ ሰባት ጊዜ አዛወርኳት። ማታ ደብተሬን ስገልጥ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፤ ያለፈው ሳምንት ባዶ፥ ቀጠሮው የሚመጣው ቅዳሜ ላይ ተጽፎ ይታያል። እኔም ሥርዓት ያለው ሰው የሆንኩ እየመሰለኝ እተኛ ነበር።

ስምንተኛው ቅዳሜ ሳይደርስ አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸው አጠገቤ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፤ «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አስወጡልኝ ይሉ ነበር። ዛሬም የሚመጣ አይመስለኝም ስላቸው፥ ‹ኧረ እሱ ጽፎታል› ይሉኛል።» ይህን ያሉት ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ የባላቸውን ነገር እያነሡ መጽናናታቸው ነበር። «ይቅር ይበሉኝ፥ እትዬ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። በዚያች ሰዓት ደብተሯ በኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ወረቀቷም አንዲት ስርዝ ሳይኖርባት በሚመጣው ቅዳሜ ላይ ገብታ ነበር።

የተሰፋ ደብተር ቢሆን ኖሮ ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ በሰረዝኩ ነበር፤ ሰባቱም ስርዝ በመሰከሩብኝና ምናልባት በሦስተኛው አፍሬ በተነሣሁ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ቀጠሮ የምትይዙት በእጅ ስልክ ነው፤ እርሱም ከእኔ ቀለበት አይለይም። በጣት ሲነካ የዛሬው ቀጠሮ ወደ ነገ ይሻገራል፤ የተሻገረበትም ቁስል አይታይም። ስሕተታችንን ያለ ምልክት የሚሰውርልን ዕቃ ወዳጃችን መስሎ ይታየናል፤ ነገር ግን ኅሊናችንን ያስተኛዋል።

ይሁን እንጂ ደብተሯን አልጣልኳትም፤ በደሉ የእርሷ አይደለምና። ነገር ግን ሕግ አወጣሁላት። ለሰው የገባሁትን ቃል መጀመሪያ የተናገርኩበትን ቀን ከራሱ ላይ እጽፋለሁ። በማዛውርበት ጊዜ ሁሉ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት አኖራለሁ። ጭረቱ ሁለት ከሆነ በሦስተኛው ወይ እሄዳለሁ፥ ወይም ለዚያ ሰው «አልቻልኩም፥ አትጠብቀኝ» ብዬ እነግረዋለሁ። ይህን መንገር ያሳፍራል፤ ሰውን በባዶ ወንበር አጠገብ ከማስቀመጥ ግን እጅግ ይሻላል። ያልተፈጸመ ቃል ያለበትንም ወረቀት ከቀለበቱ አላወጣም።

እንግዲህ ደብተሯ ትጠቅማለች ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ ቃሉን ለሚያከብር ሰው መልካም መሣሪያ ናት እላለሁ። ገና ራሱን ላላሠለጠነ ወጣት ግን ርካሹን የተሰፋ የተማሪ ደብተር እመርጥለታለሁ። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ወረቀትም ቀለበትም ሳይኖራቸው ነው።

ያች ወረቀት ዛሬ በደብተሬ መጀመሪያ ላይ ናት። ሰባቱን ጭረት ዘግይቼ አስመርኩባት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ፤ ባለቤታቸው ወንበር ያወጡልኛል፥ እኔም አነብላቸዋለሁ። ይህ የቀረውን አይተካም። እናንተ ግን የሚጠብቃችሁ ሰው ገና በሕይወት ካለ፥ ይህን መጽሐፍ እጠፉና ተነሡ።