ድሉ ካበቃ በኋላ ማን ይጠየቃል?

«ዘ አቬንጀርስ» እ.ኤ.አ. በ2012 ለእይታ ሲበቃ ከጀርባው የአራት ዓመት ዝግጅት ነበረው። ማርቭል ስቱዲዮስ በ2008 ከወጣው «አይረን ማን» ጀምሮ አምስት ፊልሞችን አከታትሎ በመሥራት ዋና ዋናዎቹን ልዕለ ጀግኖች ለየብቻ አስተዋውቋል። ስለዚህ ተመልካቹ ሲኒማ ቤት የገባው የእያንዳንዳቸውን ጠባይና ኩራት አውቆ ነው። የፊልሙ ጥንካሬም ከዚህ ይመነጫል። ከኒው ዮርኩ ውጊያ ይበልጥ የሚማርከው፣ መደማመጥ ተስኗቸው የቆዩ ሰዎች በመጨረሻ ድርሻ ተከፋፍለው ጎን ለጎን ሲቆሙ ማየት ነው።

በ2017 የቀረበው «ጀስቲስ ሊግ» ይህን መንገድ ሊያሳጥር ሞከረ። ፍላሽ፣ አኳማንና ሳይቦርግ ቀደም ሲል ከጨረፍታ ያለፈ ቦታ ሳያገኙ የቡድኑ አባል ሆኑ። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ሥራውን ሲለቅ ጆስ ዊደን ተክቶት ጨረሰው። በ2021 የወጣው አራት ሰዓት የሚፈጅ የስናይደር ቅጂ ለሳይቦርግ ታሪክ ሰፊ ቦታ በመስጠቱ የጎደለው ምን እንደነበረ አሳየ። ትብብር በአዋጅ አይመሠረትም፤ መተማመን ጊዜ ይጠይቃል።

ተከታይ ክፍሎች ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ቡድኑ አንድ ጊዜ ተመሥርቷልና ያ የመጀመሪያው ደስታ አይደገምም። ቀላሉ መውጫ አደጋውን ማግዘፍ ነው። የ2015ቱ «ኤጅ ኦፍ አልትሮን» ለሚመጡት ፊልሞች መንደርደሪያ መሆንም ስለነበረበት ሸክሙ በዝቶበታል። ሆኖም አንድ ደፋር ነገር አድርጓል፤ አደጋውን የፈጠረው ከጀግኖቹ አንዱ፣ ቶኒ ስታርክ ራሱ ነው። ዋጋውን የከፈለችው ግን ሶኮቪያ የተባለች ምናባዊት የምሥራቅ አውሮፓ አገር ናት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ብሂሉ ግን ድሩ ከአንበሳው ሌላ ማንን እንደሚያስር አይናገርም። ጥያቄውን ያነሳው የ2016ቱ «ካፕቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር» ነው። 117 አገሮች ቡድኑ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥጥር ሥር እንዲውል የሚያስገድድ ስምምነት ያዘጋጃሉ። ስታርክ ገደብ የሌለው ኃይል አደገኛ መሆኑን አምኖ ይቀበላል፤ ስቲቭ ሮጀርስ ተቆጣጣሪዎችም የራሳቸው ፍላጎት አላቸው ብሎ እንቢ ይላል። ሁለቱም ክርክሮች ክብደት አላቸው። የተከታይ ክፍል ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ይታያል፤ የመጀመሪያው ፊልም በጭብጨባ ያለፈውን ፍርስራሽ መልሶ ይቆጥራል።

ቆጠራው ግን ምሉዕ አይደለም። ሌጎስ ውስጥ በደረሰው ፍንዳታ ከሞቱት መካከል በዜና ተለይተው የሚጠቀሱት 11 የዋካንዳ ዜጎች ናቸው፤ ስለ ሌጎስ ነዋሪዎች የሚናገር ናይጄሪያዊ ገጸ ባሕርይ የለም። ስታርክን ፊት ለፊት የምትከሰው እናት፣ ልጇ ሶኮቪያ ውስጥ የሞተባት አሜሪካዊት ናት። ከሶኮቪያውያን ጎልተው የሚሰሙት ዋንዳና ዜሞ ሲሆኑ፣ አንዷ የቡድኑ አባል፣ ሌላው ቤተሰቡን ያጣ ተበቃይ ነው። ጀግናም ወንጀለኛም ላልሆነ ተጎጂ መቀመጫ አልተዘጋጀም። ከአፍሪካ ወጥቶ በዋሽንግተን ወይም በጄኔቫ የፖሊሲ ሰነድ የሚያረቅ ተመልካች ይህን ክፍተት በቀላሉ ይለየዋል፤ ስለ እነዚያ ሰዎች የሚወሰንበት ጠረጴዛ እነርሱን አላስቀመጠም።

ቀጥለው የመጡት «ኢንፊኒቲ ዋር» እና «ኤንድጌም» አደጋውን እስከ ግማሽ ፍጥረት አሰፉት። የ2019ኙ «ኤንድጌም» ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ሲያስገባ፣ የስምምነቱ ጉዳይ ዳር ላይ ቀረ። ግማሹ ፍጥረት ሲጠፋ ሐዘኑ የሁሉም ይሆናል፤ የሁሉም በሆነ ሐዘን ውስጥ ደግሞ የሌጎሱን ሟች ማን እንደገደለው መጠየቅ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። የቡድን ፊልም ኃይልን እንዴት ማሰባሰብ እንደሚቻል ጥሩ አድርጎ ያስተምራል። የተሰበሰበው ኃይል ለማን መልስ እንደሚሰጥ መጠየቅ የተከታዩ ክፍል ተግባር ነበር፤ ጀምሮትም ሳይጨርሰው ወደሚቀጥለው ጦርነት ሄደ።