ወደብ ምን ይሸታል?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ግጥሙም፣ የጤና ምክሩም፣ የስፖርት ወሬውም በየጊዜው ይለጠፋል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ከእነዚህ ከአንዱም የማይመደብ፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ይሁን እንጂ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምትወጡ እጩ መምህራን ስላላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ብታነቡት ብዬ አሰብኩ። የሥራ ባልደረቦቼም ብትስቁብኝ አልቀየምም።

በ2002 ዓ.ም. ከጉና ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ኅብረተሰብ ትምህርት አስተምር ነበር። የዕለቱ ርእስ መጓጓዣ ነው፤ የየብስ፣ የአየርና የውኃ። «ወደብ ማለት መርከቦች ሰውና ዕቃ የሚጭኑበትና የሚያራግፉበት ቦታ ነው» ብዬ በጠመኔ ጻፍኩ፤ ልጆቹም ገለበጡ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ወደብ ስለሌላት፣ በምሳሌነት የጠራሁት ጅቡቲን ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ወደብ አይተው ያውቃሉ?»

«አዎ» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ማንም አላስገደደኝም። አላየሁም ብል ከደረጃዬ ዝቅ የምል መስሎኝ ይሆናል። ልጅቱ ግን አልተቀመጠችም።

«ምን ይሸታል?»

ይኼ እንግዲህ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ነው። ለእርሷ ግን ተራ ነገር ነበር። ወፍጮ ቤት ዱቄት ይሸታል፤ የከብት ገበያ ፋንድያ ይሸታል፤ ቤተ ክርስቲያን ዕጣን ይሸታል። አንድን ቦታ የረገጠ ሰው ሽታውን ያውቃል። «ውኃ ውኃ ይሸታላ!» አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጅቱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያን ዕለት እራቴ እንኳ አልጣመኝም።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ለጫማ ብዬ ያስቀመጥኳትን ገንዘብ ይዤ ተነሣሁ። ጅቡቲ የማይታሰብ ነው። ግን መርከብ የሚመላለስበት ወደብ እዚሁ ቅርባችን አለ፤ ጣና ላይ። ከደብረ ታቦር ኮረብታዎች ላይ ሆኜ ሰማዩ ጥርት ሲል እንደ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ሄጄበት ግን አላውቅም። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ባሕር ዳር ገባሁ፤ በማግሥቱ እሑድ ጧት መርከቧ ላይ ወጣሁ።

የመርከቧ ስም ጣናነሽ ይባላል። በዚያን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊን እየነካካች፣ ሌሊቱን ቁንዝላ አድራ፣ ሰኞ ሲመሽ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ሽርሽር የሚባል ነገር የለም። የጤፍ ኩንታል፣ የቢራ ሳጥን፣ እግሯ የታሰረ ፍየል፣ ቡና የጫነ ነጋዴ፣ የሚያስታምሙትን ሰው ይዘው የሚመለሱ ዘመዶች፣ እንደኔ ያለ አንድ ሁለት ሥራ ፈት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣና መርከቧ መወዛወዝ ጀመረች። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ብረቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ወደ ደቅ የሚሄዱ እማሆይ፣ «አይዞህ ልጄ፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ጠባዩ ነው፣ ሲመሽ ይተኛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲመሽ ተኛ።

ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱ ፍርሃቴን አይቶ ሊያጫውተኝ መጣ።

«ከየት ነህ?»

«ከፋርጣ፣ ከጉና ሥር።»

«እንግዲያማ ምን ያስፈራሃል? የሄድነው በእናንተ ውኃ ላይ አይደለም እንዴ!»

እኔ የማስተምረውን እርሱ ነገረኝ። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ነው የሚነሡት፤ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው በባሕር ዳር በኩል ዐባይ ሆኖ ይወጣል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ይገናኛል፤ ግብፅን አቋርጦ በሮዜታና በዳሚየታ በኩል ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በክረምት ከማሳችን የሚታጠበው አፈርም ለብዙ ሺህ ዓመት አብሮ ሲሄድ ኖሯል፤ የግብፅ ዴልታ ከዚሁ ከእኛ ከደገኞች አፈር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ አፈሩ ከግድቡ ጀርባ ይቀራል እንጂ ባሕሩን አያይም። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። እማሆይ አጠገብ ተቀምጬ ብረት ጨብጬ ስሰማው ግን አዲስ ሆነብኝ።

ሰኞ ማታ ጎርጎራ ገባን። አልጋ ይዤ አደርኩ። የጻፍኩላችሁ እንግዲህ ስለ ማክሰኞ ነው፤ ያችን አንዲት ቀን ነው ያየሁት።

ጧት መጀመሪያ የሄድኩት ደብረ ሲና ማርያም ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ተመሠረተች የምትባል፣ ክብ፣ ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በር የከፈተልኝ ዲያቆን ሥዕሉን ያሠራችው የዐፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት መሆኗን፣ ራሷም ከሥዕሉ ውስጥ እንዳለች አሳየኝ። ብዙ ቆምኩ። የሽታው ነገር ከልቤ አልወጣም ኖሮ፣ ማስታወሻዬ ላይ «ዕጣን፣ ሣር ክዳን፣ ያረጀ እንጨት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሐውልት ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ። ሐይቁ ከዚያ ሲታይ ዳር የለውም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ጉናን ፈለግሁ፤ ጭጋግ ውጦታል።

ወደቡ ዘንድ የወረድኩት ከቀትር በፊት ነው። ትንሽ ነው፤ ጅቡቲን አያክል፣ ለእኔ ግን በቃ ወደብ ነው። ጣናነሽ ታስራ ቆማለች። ሸክም ያዘሉ ሰዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ዳር ዳር ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ይደርቃሉ፤ ደንገል ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው መድረቅ አለበት። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየዘረገፉ ይሰነጥቃሉ፤ ምንቃራቸው ከረጢት የመሰለ ትላልቅ ነጭ ወፎች ከሥራቸው አይርቁም። እኔ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ያዝኩ። አንዱ አጥማጅ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው? የግብር ሰው ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም፤ መምህር ነኝ።»

«ታዲያ ምን ትጽፋለህ?»

ማፈር ምን ይጠቅማል ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የልጅቱን ጥያቄ፣ የእኔን መልስ። ጓደኞቹን ጠርቶ አስቆባቸው። ከሳቁ በኋላ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ነገሩን እንደ ሥራ ያዙት። እጄን ይዞ፣ «ይህን አሽትት» ይለኛል። እርጥብ ደንገል፤ የታጨደ ሣር ነው፣ ግን ጭቃ ያለበት። «ይህንንስ?» ከፀሐይ የዋለ መረብ። ከመርከቧ ጎን የፈሰሰ ናፍጣ። እሳት ላይ የሚጨስ፣ ወደ ሱዳን ለሚሄድ ነጋዴ የሚዘጋጅ ደረቅ ዓሣ፤ ይኼኛው ልብስ ላይ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከሐይቁ በእፍኙ ቀድቶ አፍንጫዬ ሥር አቀረበልኝ። አሸተትኩ።

«ምን ይላል?»

«ምንም።»

«እህ!» አለኝ። ተጨማሪ አልተናገረም።

ምሳ እዚያው ዓሣ በላሁ። ለደገኛ የዓሣ እሾህ ከባድ ፈተና ነው፤ ይህን እለፉኝ።

አሁን ስላላየሁት ልናገር። በስተ ምዕራብ አሮጌ ጎርጎራ የሚባል ቦታ አለ። የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥትና የኢየሱሳውያኑ ግንብ ፍርስራሽ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ አገራችን የገባው ጴድሮ ፓኤዝ አማርኛም ግእዝም ተምሮ፣ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ሠራ፤ ሰዉም «በቤት ላይ ቤት» እያለ ተደነቀ ይባላል። የጊሽ ዐባይን ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1618 አይቶ የጻፈውም ይኸው ሰው ነው፤ በ1622 አረፈ። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ወደዚያ የሚያደርስ ጀልባ ለብቻ መከራየት ያስፈልጋል፤ ኪሴ ውስጥ የቀረችው የመመለሻዬ ብቻ ነበረች። አጥማጁ በእጁ አቅጣጫውን አሳየኝ፤ ያየሁት ውኃና ሰማይ ነው። አሮጌ ጎርጎራ ሄጄ አላውቅም።

ረቡዕ በአውቶቡስ የደምቢያን ሜዳ አቋርጬ ጎንደር፣ ከዚያም በወረታ በኩል ቤቴ ገባሁ። ጣናነሽ ሐሙስን ጠብቃ ነው የምትመለሰው፤ እኔ ያን ያህል የማደሪያ ገንዘብ አልነበረኝም።

(እግረ መንገዴን፦ ያኔ ስለ እምቦጭ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። አረሙ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእኛውን ፎገራንና ሊቦ ከምከምን፣ እንዲሁም ደምቢያን እንዴት እንዳስቸገረ ታውቃላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ 2 የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ እየተጎተተች ስትመጣ፣ ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በዚያ ተራራ ላይ ተጎትቶ መቅደላ መድረሱን ያላስታወሰ የደብረ ታቦር ሰው ያለ አይመስለኝም።)

ትምህርት ሲከፈት ክፍል የገባሁት አንድ ቁራጭ ደንገልና በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ይዤ ነው። ጥቅሉን ገና ሳልፈታው የፊት ወንበሮቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ከእጅ ወደ እጅ አዞርነው። ተረባ፣ ጫጫታ፣ «ኧኽ» የሚል፣ ደግሞ ደጋግሞ የሚያሸት። ጸጥ ሲሉ ያን ከጎርጎራ እስከ ደብረ ታቦር አውቶቡስ ላይ ስለማመደው የመጣሁትን ተናገርኩ።

«ባለፈው ወደብ አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነበር። አሁን አይቻለሁ፤ እርሱም የሐይቅ ወደብ ነው። የባሕር ወደብ ዛሬም አላየሁም።»

ማንም አልሳቀም። ያ ዝምታ ከጣና ማዕበል ይከፋል፤ የምይዘው ብረት እንኳ አልነበረኝም። ከኋላ ወንበር ያችው ልጅ ተነሣች።

«እኛማ እናውቅ ነበር» አለች።

«እንዴት አወቃችሁ?»

«ውኃ መቼ ይሸታል?»

ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ ዓሣው ለሁለተኛ ጊዜ እንዲዞር ጠየቀ።