አውራ ያልናት እናት

በጋይንት ደጋ፣ ጳጉሜን አልቆ የጉና ጭጋግ ከጋራው ትከሻ መገፈፍ ሲጀምርና ክረምቱን በጭቃ የከረመው መስክ ቢጫ አደይ ሲለብስ፣ አያቴ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጓሮ ይዞሩና፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በተሰቀሉት ሦስት በእበት የተለቀለቁ ቀፎዎች አጠገብ ቆመው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።

«አባባ፣ ንቦቹ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«አውራው ደኅና ነው ይላሉ። አውራው ካለ ቤቱ አለ፤ አውራው የጠፋ ዕለት ግን ማሩም ሰሙም ንቡም የለም» አሉኝ።

እኔም አውራ ዶሮንና አውራ በግን እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝና፣ በዚያ ጨለማ ቀፎ ውስጥ ካባ የደረበ ንጉሥ በዙፋን ተቀምጦ ሠራዊቱን የሚያዝዝ እየመሰለኝ ብዙ ዘመን ኖርሁ። ከዓመታት በኋላ፣ አያቴ ካለፉ ወዲያ፣ ያ አውራ የምንለው ፍጥረት ሴት መሆኗን፣ ሴትም ብቻ ሳትሆን በቀፎው ውስጥ ላሉት ለአብዛኞቹ እናት መሆኗን ስረዳ፣ በመጀመሪያ ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ነገሩ እያደር ያሳስበኝ ጀመር። ይህን የምጽፈውም ልጆች ላሏችሁና ልጆች ለምታስተምሩ ወዳጆቼ ነው።

የንብ ሕይወት የሚጀምረው እናቲቱ ከሰም በታነጸች ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍል ውስጥ፣ በርዝመቷ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ነጭ እንቁላል ስትጥል ነው። እንቁላሏ በሦስተኛው ቀን ትፈለፈልና እግርም ዐይንም የሌላት እጭ ትሆናለች፤ ሥራዋ መብላት ብቻ ነው። በዘጠነኛው ቀን ገደማ እኅቶቿ የክፍሏን አፍ በሰም ያትሙታል፤ በዚያ እንደ መነኩሴ በዓት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሙሽሬ ሆና፣ ትል የነበረው አካሏ ፈርሶ ክንፍና ዐይን ያለው ሌላ አካል ይሠራል። ከእንቁላሏ ቀን አንሥቶ 21 ቀን ገደማ ሲሞላም ክዳኑን በገዛ መንጋጋዋ ቀድዳ ትወጣለች። ወንዱ ንብ፣ ድንጉላው፣ 24 ቀን ይፈጅበታል፤ እርሱ ካልዳበረ እንቁላል የሚወለድ ስለ ሆነ እናት እንጂ አባት የለውም። እናቲቱ ራሷ ግን በ16 ቀን ትደርሳለች። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ሠራተኛዪቱ ንብና እናቲቱ ከአንድ ዓይነት እንቁላል መውጣታቸው ነው፤ የሚለያያቸው ዘር ሳይሆን ማዕድ ነው፤ እናት የምትሆነው እጭ ሞግዚቶቹ ከራሳቸው ላይ በሚያመነጩት ነጭ ምግብ እስከ መጨረሻው ስታድግ፣ ሌሎቹ ግን ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ የአበባ ዱቄትና ማር ወደ ተደባለቀበት ምግብ ይወርዳሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሠራተኛዪቱ ዕድሜ የአገራችንን የአብነት ተማሪ ያስታውሰኛል። ከፊደል ጀምሮ በዳዊት አልፎ፣ ድጓውን ቤተልሔም ዝማሬ መዋሥዕቱን ዙር አባ ወርዶ የሚያስመሰክር ተማሪ ማዕርጉን በተራ እንደሚወጣ፣ ንብም መጀመሪያ ክፍሎቹን ትጠርጋለች፤ ቀጥላ እጮቹን ትመግባለች፤ ሰም ከሆዷ አውጥታ የማር እንጀራውን ትሠራለች፤ በር ትጠብቃለች፤ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ብቻ ወደ መስክ ትወጣለች። አበባ ያገኘችው ተመልሳ በእንጀራው ላይ እየተርገፈገፈች ስትጨፍር፣ አቅጣጫውን ከፀሐይ ጋር አስተያይታ፣ ርቀቱንም በጭፈራዋ ርዝመት ለእኅቶቿ ትናገራለች፤ ይህን ቋንቋ የፈታው የኦስትሪያው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። በአበባ ወራት ከስድስት ሳምንት የማትበልጠው ዕድሜዋ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በመስክ፣ ሸክም ላይ ሳለች ነው።

እንግዲህ አንዲቱ ንብ ይህን ያህል አጭር ዘመን ከኖረች፣ ቀፎው ዓመታትን የሚሻገረው በምንድን ነው? በመተካካትና ራስን በመስጠት ነው። ወፍራም ቆዳ ያለውን ጠላት የነደፈች ሠራተኛ፣ መንደፊያዋ እንደ መንጠቆ እሾኻም ስለ ሆነ በተነደፈው ቆዳ ውስጥ ቀርቶ እርሷ ትሞታለች።  ቤቱ በበዛ ጊዜ ደግሞ አሮጊቷ እናት የሠራዊቱን እኩሌታ ያህል ይዛ ትወጣና፣ የሞላውን ጎተራ ለልጇ ትታ እርሷ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥላ ታድራለች። ያን ጊዜ ነበር አያቴ አዲሱን ቀፎ በወይራ ጭስ አጥነው መንጋውን የሚቀበሉት።

ድርቅ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። አበባው ሲደርቅና ውኃው ሲሸሽ ንብ ቀፎዋን ባዶ አድርጋ፣ በጅምላ ትሰደዳለች። ከጉና አናት እስከ በሽሎ ቆላ ያለውን የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አገር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያሻውም፤ ዝናቡ የከዳው ገበሬ በሩን ዘግቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርድ አይቷልና።

አሁን ወደ አውራው ልመለስ። አያቴ ሴቲቱን ወንድ በማለታቸው ማንም ሊስቅባቸው አይገባም፤ ታላቁ ፈላስፋ አርስጣጣሊስም የቀፎውን ገዥ ንጉሥ ብሎ ጽፏል፤ ስሕተቱም በገሃድ የታየው በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ያንን «ንጉሥ» ሰንጥቆ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት የእንቁላል ማኅደር ስላገኘ ነው። የእኛም አባቶች ከፍጥረት በመማር ከማንም አላነሱም፤ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ እንስሳት ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ ነው፤ አባቶቻችን የተቀበሉት የሰባ ሊቃውንት ትርጉምም በመጽሐፈ ምሳሌ ታካቹን ሰው ወደ ጉንዳን ከላከው በኋላ ወደ ንብ ደግሞ ይልከዋል። ከዚህም በላይ፣ እናቱን ያጣ ቀፎ ድምፁ ተለውጦ እንደ ለቅሶ እንደሚያጉረመርም የዛሬ ንብ አናቢዎችም ይመሰክራሉ፤ ስለዚህ የአያቴ ጆሮ የሰማው እውነት ነበር። የጎደለው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙም የጎደለው ቀፎውን ከፍቶ፣ እንጀራውን ወደ ብርሃን አውጥቶ የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ለልጆቻችን የማወርሰው ነገር ቢኖር እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ነው፦ የአያቴን ማዳመጥና የስዋመርዳምን መመልከት። ማዳመጥ ብቻውን አውራ ይለናል፤ መመልከት ብቻውን ደግሞ በማለዳ ተነሥቶ በቀፎ ሥር የሚቆም ሰው አያፈራም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማር ስትቆርጡ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ አብራችሁ አትቁረጡት፤ የሚመጣው ዓመት ቀፎ እርሱ ነውና ተዉት። ከመተዋችሁ በፊት ግን ልጁን ፊቱን በነጠላ ሸፍናችሁ፣ ጭሱን ይዛችሁ አቅርቡት፤ እንቁላሉን፣ እጩንና የታተመውን ሙሽሬ በጣቱ እያመለከተ ይቁጠር። አውራው ማን እንደ ሆነም ሲጠይቃችሁ፣ እናት ናት በሉት።