ላይ ጋይንት ከታች ጋይንት፣ በሴቶች

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ትምህርት ቤት ሳላችሁ ያሠለጠናችሁ ሰው ለማሠልጠኑ ስንት ይከፈለው እንደነበር ታውቃላችሁ? እኛ አናውቅም ነበር። ያወቅነው በቅርቡ ነው፣ ያውም በአሜሪካ በኩል ዞረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋስ መውጫ አብራን የተማረች ጓደኛችን ሜሪላንድ ትኖራለች። ሰሞኑን ቪዲዮ ላከችልን። የኮሌጅ ሴቶች ጫፉ ላይ መረብ የታሰረበት ዱላ ይዘው ሜዳ ሙሉ ይሯሯጣሉ፤ ኳሷን በመረቡ ይቀልባሉ፣ ይወረውራሉ። ከሥሩ «ገና በሚያዝያ!» ብላ ጽፋለች። ጨዋታው ላክሮስ ይባላል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነበር፤ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም ይገባል።

እኛን የገረመን ግን ዱላው አይደለም፣ አሠልጣኟ እንጂ። ሲንዲ ቲምቻል የምትባል ሴት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን ሴቶች ይዛ ከ1995 እስከ 2001 (በፈረንጅ) ሰባት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱን ዋንጫ በላች። ከ500 በላይ ጨዋታ አሸንፋለች። ሴቶችን ዱላ ማስያዝ እንጀራዋ ነው! ይህን ስናነብ ሁላችንም ዝም አልን። ቲቸር ትዝ ብለውን ነው።

ቲቸር የመጡት ከእስቴ ነው፤ ስፖርት ያስተምሩን ነበር። የጋይንትን ገና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ቀን ጌታና ሎሌ አይለይም፣ በዱላ ቢመቱህም አትቆጣም። ወንዶቹ ሩሯን ሲያሳድዱ እኛ ዳር ቆመን እልል እንላለን። ቲቸር አንድ ዓመት መጥተው «ለምን ዳር ቆማችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በሳምንቱ ጫፉ የቆለመመ ዱላ እየቆረጥን እንድንመጣ አዘዙን። ለሁለት ከፈሉንና አንዱን ላይ ጋይንት፣ ሌላውን ታች ጋይንት አሉት። (ከስማዳ የመጣች አንዲት ልጅ የየትኛው እንደሆነች ስትጠይቅ ዳኛ ሆነች።) እናቶቻችን «እግራችሁ ቢሰበር ማን ያገባችኋል?» ብለው ተቆጡ። የአንዷ ጥፍር ተነቀለ። ማንም አላቆመም።

ከገናው መረብ ኳስ መጣ፤ ለመረቡ ገመድ ወጥረን፣ ከክፍል በኋላ እስኪመሽ። በነፋስ መውጫ ነፋስ ኳስ ማንሳት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ደብረ ታቦር ለውድድር ልንሄድ ተዘጋጅተን፣ ቀሚሳችንን በቁምጣ ቀይረን፣ በመጨረሻው ቀን የሴቶቹ አበል የለም ተባለ። የወንዶቹ ነበረ። ቲቸር ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። ዓመቱ ሲያልቅ ማሠልጠኑን ተዉት።

በዚህች አገር ከመንደር ትምህርት ቤት የተነሣ አሠልጣኝ ዓለም ሲያውቀው አይተናል። በቆጂ የስፖርት አስተማሪ የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱንም ጥሩነሽንም በልጅነታቸው አሠልጥነዋል፤ አንዷ በ1992 ባርሴሎና፣ ሌላዋ በ2008 ቤጂንግ ወርቅ አጠለቁ። መሠረት ማኒም ድሬዳዋ ላይ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን አሠልጥናለች። ስለዚህ አይቻልም አንልም። ግን ለአንድ በቆጂ ስንት ነፋስ መውጫ አለ? ጉናም እኮ ተራራ ነው፤ ልጆቹም እኮ ይሮጣሉ።

ለማንኛውም ስልካቸውን አፈላልገን ደወልን፤ ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሁላችንም ተሰበሰብን።

«ቲቸር፣ ያኔ ለማሠልጠኑ ስንት ይከፈልዎት ነበር?»

ሳቁ። ረጅም ሳቅ። «ምን ይከፈለኛል ልጆቼ? ኳሱንም የገዛሁት እኔ ነኝ።»

እኛ ደግሞ ኳሱ የትምህርት ቤቱ መስሎን አንድ ቀን ገደል ጥለነው መጥተናል። ሳንፈልገው! ይህን ስንነግራቸው «አውቃለሁ፣ ማታ ወርጄ አወጣሁት» አሉ።

ከዚያ ቪዲዮውን ላክንላቸው። ስለ ዋንጫውና ስለ ደመወዙ ልንነግራቸው ተዘጋጅተን ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ።

«ያን ዱላ ዓይቼው ነበር» አሉ። «ከወይራ መሥራት አይቻልም ወይ?»