ባዶ መወርወሪያ

ቢቸና ላደገ ልጅ የፋብሪካ ጭስ ወሬ ነው። ፊልም ግን እናውቅ ነበር። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የህንድ ፊልም ስናይ ቋንቋውን ባንሰማም ለእናትየዋ እናለቅስላት ነበር። እናም የሰው አገር ፊልም መተቸት ከባድ ሥራ አይመስለኝም ነበር፤ የዋንግ ቢንግ «ቲየ ሺ ቹ» እጄ እስኪገባ ድረስ።

ቻይናዊው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 አነስተኛ ዲጂታል ካሜራ ይዞ፣ ሼንያንግ ከተማ ከባቡር ሐዲዱ በስተምዕራብ የሚዘጉትን የመንግሥት ፋብሪካዎች ቀረጸ። ፊልሙ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተራኪ የለውም። ሠራተኞቹ በእረፍት ክፍላቸው ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይታጠባሉ። በሦስተኛው ክፍል አንድ አባት ከሐዲዱ ዳር ከሰል ሲለቅም እናያለን። «የተንዛዛ» ብዬ ጻፍኩና ገላገልኩት።

በዚያው ሰሞን ሞጣ ወረድኩ። አጎቴ ሸማኔ ናቸው፤ ነበሩ ልበል ይሆን? የፋብሪካ ልብስና ብርድ ልብስ ከበዛ ወዲህ ፈትል የሚያመጣላቸው ሰው ከስንት አንድ ነው። እሳቸው ግን በየማለዳው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ ባዶ መወርወሪያ ይዘው ይቀመጣሉ።

«ጋሼ፣ ሥራ ሳይኖር እዚህ ምን ያስቀምጥዎታል?»

«እግሬ ሌላ መዋያ አያውቅማ!»

እሳቸውን ሥራ ያስፈታ ፋብሪካ ነው፤ ሼንያንግ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ሥራ ሲፈታ አይቻለሁ። 9 ሰዓት በዛብኝ ያልኩት ሰውዬ ከአጎቴ ጎን ሩብ ሰዓት እንኳ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን እስከ ምሳ አብሬያቸው ዋልኩ። ብዙም አልተነጋገርንም። ስመለስ ጽሑፌን ቀድጄ፣ አዲሱን ከእረፍት ክፍሉ ጀመርኩት።