ወልዲያ፦ ሥልጣኑ ሄዶ ዒልሙ የቀረበት አገር

ከደሴ ተነሥተን ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፈን የሐብሩ ወረዳ መዲና መርሳ ደረስን። ዙህርን እዚያው ሰግደን፣ የማሽላውን ማሳ ግራና ቀኝ እያየን፣ በሲሪንቃ በኩል የሰሜን ወሎ ዞን መዲና ወልዲያ ገባን።

ይህ ምድር የጁ ነው። «ወረ ሼህ» የተባሉት፣ በኦሮምኛ «የሼህ ቤተሰብ» ማለት ነው፣ የተነሡት ከዚህ ነው። ትልቁ ራስ አሊ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጎንደርን መንግሥት በእጃቸው አስገቡ። ራስ ጉግሣ ደግሞ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። ከየጁ የወጣው ሥልጣን መዲናውን የሠራው በሰው አገር ነበር። እርሱም ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1845 ዓ.ም. ትንሹ ራስ አሊ አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ በአፄ ቴዎድሮስ፣ ድል ሲሆኑ አበቃ።

በየጁ የቀረው ዒልሙ ነው። ዳና ለዚህ ምስክር ናት፤ «ዳንዩል አወል» የሚባሉት ሸኽ አሕመድ ኢብን አደም (ረሒመሁላህ) ደረሳ ያስቀሩባት ናት። ከሸኽ ወደ ደረሳ የሚተላለፍ ኪታብ ዙፋን አላሻውም።

ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ብዙ መከራ አይታለች። አልሐምዱሊላህ፣ አዛኑ ዛሬም ይሰማል። ይህን ታሪክ የሚያውቁ አባቶች ግን አንድ በአንድ እየተለዩን ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን የራሶቹን ስም ከትምህርት ቤት ይማራሉ። የሸኾቹን ስም ከኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።